«ዎዝ ዌሪንግ» በአማርኛ፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉምና ስለ ኀላፊ ቀጣይ ጊዜው አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

በእንግሊዝኛ ትምህርት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እስከ ኮሌጅ ድረስ እየተደጋገመ የሚሰጥ አንድ ደንብ አለ። ደንቡ፥ «ዎዝ» የሚለውን ረዳት ግሥ በ«ኢንግ» ከሚጨርስ ግሥ ጋራ ባንድነት ያገኘ ተርጓሚ፥ በአማርኛ «እየ» ብሎ ጀምሮ «ነበር» ብሎ ይዝጋ የሚል ነው። በዚህ መሠረት «ሂ ዎዝ ራይቲንግ» የሚለው «እየጻፈ ነበር»፥ «ሺ ዎዝ ሲንጊንግ» የሚለው «እየዘፈነች ነበር» ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ደንቡ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ነገር ግን «ሂ ዎዝ ዌሪንግ ኤ ኋይት ኮት» በሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲውል «ነጭ ኮት እየለበሰ ነበር» የሚል አማርኛ ያስገኛል። ይህም አማርኛ ሰዋስዉ የቀና ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ሐሰት ነው። የእንግሊዝኛው ተናጋሪ የነገረን ሰውዬው ኮቱ በገላው ላይ እንደ ነበረ ነው፤ የአማርኛው አንባቢ የሚያየው ግን አንድ እጁን በእጅጌው አግብቶ ሌላውን እጅጌ ገና የሚፈልግ ሰው ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ «ዌር» የሚለውን ግሥ ለይተን የምንመረምረው ስሕተቱ በእርሱ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ ስለሚታይ ነው። ልብስ የማይነገርበት ታሪክ፥ የማይጠየቅበት ምርመራ፥ የማይጻፍበት ዜና ጥቂት ነው። ነገሩ ግን ከአንድ ግሥ ያልፋል። ልናሳይ የምንፈልገው፥ የእንግሊዝኛው ኀላፊ ቀጣይ ጊዜ በመልክ ለመልክ ልውውጥ ወደ አማርኛ እንደማይዛወር፥ አማርኛም ለዚሁ ተግባር ከጥንት ጀምሮ የተዘጋጀ የራሱ መሣሪያ እንዳለው ነው። ይህም መሣሪያ ሊቃውንቶቻችን ቦዝ አንቀጽ ብለው የሰየሙት ነው።

ሀ. የግሡ ታሪክና ስፋት

«ዌር» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ወሪያን» ይባል የነበረ ግሥ ነው። በዚያን ጊዜ ኀላፊውን የሚያበጀው በመጨረሻው ላይ ድምፅ በመጨመር ብቻ ነበር፤ ማለት ደካማ ከሚባሉት ግሦች ወገን ነበር። ኋላ ግን በድምፅ የሚመስሉት «ቤር»፥ «ስዌር»ና «ቴር» ወደ ራሳቸው ሥርዓት ስለ ሳቡት ውስጣዊ አናባቢውን የሚለውጥ ሆነና «ዎር»፥ «ዎርን» የሚለውን መልክ ያዘ። በእንግሊዝኛ ታሪክ ብዙዎቹ ግሦች ከብርቱው ወደ ደካማው ሲያልፉ ይህ በተቃራኒው መንገድ መሄዱ የሚያስደንቅ ነው።

ትርጉሙም ሁለት ቅርንጫፍ አለው። የመጀመሪያው በገላ ላይ አድርጎ መገኘት ነው። ሁለተኛው በማገልገል ብዛት መሳሳት፥ መነተብ፥ ማለቅ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንደ ወጣ የታወቀ ነው፤ ልብስ ሲለበስ ይነትባልና፥ በልብስ የተጀመረው አነጋገር ወደ ደረጃ ድንጋይ፥ ወደ መንኰራኵር፥ እስከ ሰው ትዕግሥት ድረስ ተስፋፋ። እነዚህን ሁለት ቅርንጫፎች አንባቢ በልቡ እንዲይዛቸው እንለምናለን፤ ወደ ታች እንደምናየው በአማርኛ አንዱ አንድ መልክ፥ ሌላው ሌላ መልክ ይፈልጋልና።

በመጀመሪያው ቅርንጫፍ «ዌር» እጅግ ሰፊ ነው። ኮትም፥ ጫማም፥ ባርኔጣም፥ መነጽርም፥ ቀለበትም፥ ሰዓትም፥ ሽቶም፥ ጢምም ሁሉ በእርሱ ይነገራሉ። በአማርኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ ግሥ አለው። ሸሚዝ ይለበሳል፤ ካባ ይደረባል፤ ነጠላ ይጣፋል ወይም ይከናነቡታል፤ ቀበቶና ሽጉጥ ይታጠቁታል፤ ባርኔጣና ዘውድ ይደፋል፤ ሻሽና ሰዓት ይታሰራል፤ ጫማ ይጫሙታል ወይም ያደርጉታል፤ መነጽርና ቀለበት ይደረጋል፤ ሽቶ ይቀቡታል። እንግዲህ «ዌር ማለት ለበሰ» ብሎ የሚያቆም መዝገበ ቃላት ተማሪውን «መነጽር ለበሰ» ወደ ማለት ይመራዋል። ሊቁ ወልፍ ሌስላው በ1973 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ ወደ ታች ያሉትም የውጭ መጻሕፍት ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ የሚያሳየው ስለዚህ ነው፤ መንገዱም የተመሰገነ ነው። ሆኖም የግሡን ምርጫ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ግሡን ያወቀ ተርጓሚም በጊዜው አመራረጥ ሊሳሳት ይችላልና።

ለ. «ዎር» እና «ዎዝ ዌሪንግ»

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መምህራን ግሦችን በሁለት ይከፍላሉ፤ ድርጊትን የሚናገሩና ሁኔታን የሚናገሩ። «ኖው» (ማወቅ)፥ «ኦውን» (ባለቤት መሆን) የመሳሰሉት የሁኔታ ግሦች በተለመደው አነጋገር የቀጣይ ጊዜን መልክ አይቀበሉም። «ዌር» ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። የሚናገረው ሁኔታን ነው፤ ምክንያቱም ኮት የለበሰ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ያው ኮት እንደ ለበሰ ነው። ነገር ግን ሁኔታው ጊዜያዊ ስለሆነ፥ በሰውዬውም ፈቃድ የሚጀመርና የሚቋረጥ ስለሆነ፥ የቀጣይ ጊዜን መልክ ያለ ችግር ይቀበላል። «ሲት»፥ «ስታንድ»፥ «ስሊፕ»፥ «ሆልድ» የሚባሉትም የዚሁ ወገን ናቸው።

ስለዚህ «ዎር» እና «ዎዝ ዌሪንግ» በሚናገሩት ነገር አይለያዩም፤ የሚለያዩት ነገሩን በሚያዩበት አቅጣጫ ነው። «ሺ ዎር ብላክ» ሲባል ነገሩ እንደ አንድ ሙሉ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ወይም ልማድዋ እንደ ነበረ ይነገራል። «ሺ ዎዝ ዌሪንግ ብላክ» ሲባል ግን ተናጋሪው በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ቆሞ ከዚያ ሆኖ ይመለከታል፤ ልብሱ ከዚያች ቅጽበት በፊት ተለብሶ ነበር፥ ከዚያችም በኋላ ቈይቷል፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ግን ከእይታው ውጭ ነው። ለዚህ ነው ምስክር፥ ጋዜጠኛና ልብ ወለድ ጸሐፊ ያዩትን ሰው ሲገልጹ ሁልጊዜ ወደ «ዎዝ ዌሪንግ» የሚሄዱት።

ጊዜያዊነቱ ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ ጢም ያሳየናል። «ሂ ዎር ኤ ቢርድ» ቢባል ሰውዬው ጢማም ነበር ማለት ነው። «ሂ ዎዝ ዌሪንግ ኤ ቢርድ» ቢባል ግን ሰሚው «ጢሙ የራሱ ይሆን?» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል፤ ቴያትር ሠሪ ወይም መልኩን የለወጠ ሰው ይመስለዋል። በአንድ ቃል መልክ መለወጥ ምክንያት ጢሙ ከፊት ሊወልቅ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ መልክ በእንግሊዝኛም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ ግዴታ አልነበረም። በሼክስፒር ዘመን ዛሬ የቀጣይ ጊዜ በሚያስፈልግበት ስፍራ ቀላሉ መልክ ይበቃ ነበር። ስለዚህ «ዎዝ ዌሪንግ» የሚለው አነጋገር እንግሊዝኛ በኋለኛው ዘመን ያደላደለው ሥርዓት እንጂ ከሁኔታው ተፈጥሮ የመጣ ግዴታ አይደለም። ሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ሁኔታ በሌላ መንገድ ቢናገሩ ጐደሎ ሊባሉ አይገባም።

ሐ. «ለበሰ» የሚናገረው ምንድር ነው?

እንግሊዝኛ ለመልበስ ሁለት ቃል አለው። ወደ ልብሱ መግባትን «ፑት ኦን» ይለዋል፤ በልብሱ ውስጥ መገኘትን «ዌር» ይለዋል። አማርኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ያውም የመግባቱ ቃል ነው። «ለበሰ» ማለት ራቁቱን ወይም በሌላ ልብስ የነበረ ሰው ወደዚህኛው ልብስ አለፈ ማለት ነው። እንግዲህ «እየለበሰ ነበር» ሲባል የሚቀጥለው ነገር ያ ማለፍ ነው። እንግሊዝኛው «ሂ ዎዝ ፑቲንግ ኦን» ወይም «ሂ ዎዝ ድሬሲንግ» የሚለው እርሱ ነው እንጂ «ዎዝ ዌሪንግ» አይደለም።

የግሡ የዘር ታሪክም ይህን ነገር ያበራልናል። በግዕዝ «ለብሰ» መካከለኛው ፊደሉ ሳድስ ነው፤ በቅኔ ቤት እንደሚባለው የገብረ ቤት ነው። በዚህ ቤት ምንም እንኳ «ገብረ» ራሱ ድርጊት ቢሆን፥ እንደ «ደክመ»፥ «ጸድቀ»፥ «ነግሠ» ያሉ የባለቤቱን ሁኔታ የሚናገሩ ግሦች ብዙዎች ናቸው። ዐረብኛው «ለቢሰ»፥ ዕብራይስጡም «ላቤሽ» በመካከላቸው ያለው አናባቢ ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ጥንታውያኑ ሴማውያን መልበስን እንደ መምታትና እንደ መግደል በሌላ ላይ የሚሠራ ሥራ አድርገው ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ የሚገባበት ሁኔታ አድርገው እንዳዩት እንገምታለን። አማርኛ «ለበሰ»፥ «ደከመ»፥ «ነገሠ» ብሎ ከ«ገደለ» ጋራ አንድ መልክ ስላደረጋቸው ልዩነቱ ከፊደል ጠፋ፤ ከጠባያቸው ግን አልጠፋም።

ዘመዶቹም እንዲሁ ናቸው። በዛሬው የዐረብኛ መነጋገሪያ ቋንቋ አንድ ሰው ምን እንደ ለበሰ ለመናገር የሚያገለግለው «ላቢስ» የሚለው ስመ ገባሪ ነው፤ የትንቢቱ መልክ ግን ልማድን ወይም የመልበሱን ድርጊት ያመለክታል። ከሴማውያን ቋንቋዎች እጅግ የራቀው ጃፓንኛ እንኳ «ኪሩ» የሚለው የመልበስ ግሡ ወደ «ኪቴ ኢሩ» ሲለወጥ በብዛት የሚያመለክተው ልብሱ በገላ ላይ መሆኑን ነው። እንግዲህ መግባቱን በግሥ፥ መገኘቱን በግሡ ውጤት መናገር የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም።

መ. የማይቦዝነው ቦዝ

«ለብሶ» የሚለውን መልክ ሊቃውንት ቦዝ አንቀጽ ያሉት ዐረፍተ ነገርን ብቻውን ስለማይዘጋ፥ ማሰሪያ አንቀጽ ስለሚጠብቅ ነው፤ እንደ ቦዘነ ሰው ሥራ የፈታ አስመስለው ነው። በእኛ አስተያየት ግን እንደ ቦዝ የሚተጋ አንቀጽ የለም። «ለብሶ» ሲባል መግባቱ ተፈጽሟል፤ ውጤቱ ግን አልተዘጋም። ከዚህ ላይ «አለ» ቢጨመር «ለብሶአል»፥ ዛሬ እንደምንጽፈው «ለብሷል» ይሆንና አሁን በገላው ላይ መኖሩን ይናገራል። «ነበር» ቢጨመር ደግሞ ያው መኖር ወደ ኋላ ይዛወራል። ስለዚህ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ» ማለት «ለብሷል»፥ «ሂ ዎዝ ዌሪንግ» ማለት «ለብሶ ነበር» ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጠፋ ሰው የሚፈልግ ቤተ ሰብ በየግድግዳው በሚለጥፈው «አፋልጉኝ» ማስታወቂያ ላይ ሰውዬው ከቤት ሲወጣ ምን ለብሶ እንደ ነበረ ይጽፋል እንጂ ምን እየለበሰ እንደ ነበረ አይጽፍም። መርማሪም የሚጠይቀው «ምን ለብሶ ነበር?» ብሎ ነው። «ምን እየለበሰ ነበር?» ቢል ምስክሩ «መቼ ሲለብስ አየሁት?» ብሎ ይመልስለታል።

አሉታውም ይህንኑ ያጸናል። «ሂ ዎዝ ኖት ዌሪንግ ኤ ኮት» የሚለውን ደንቡ «ኮት እየለበሰ አልነበረም» ያሰኛል፤ ይህም ያን ጊዜ በመልበስ ሥራ ላይ አልነበረም ማለት ብቻ ስለሆነ፥ ኮቱን አስቀድሞ ለብሶት የተቀመጠ ሰው ላይም ይነገራል። ትክክለኛው «ኮት አልለበሰም ነበር» ነው። ቦዝ አንቀጽ በራሱ አሉታ ስለሌለው ኀላፊው አንቀጽ በስፍራው ገብቶ ይሠራል። ጫማ የሆነ እንደ ሆነ ግን አማርኛ ግሡን ትቶ «በባዶ እግሩ ነበር» ማለትን ይመርጣል፤ ተርጓሚም ይህን ሲያገኝ ሊጠቀምበት ይገባል።

አንድ ግሥ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ቀላል መፈተኛ እናቀርባለን። ግሡን በ«አሁን ምን» ጥያቄ ውስጥ አግብተን «አሁን ምን ለብሷል?» እንበል፤ የተጠየቀው ያለበት ሁኔታ ነው። «አሁን ምን ጽፏል?» ብንል ግን የተጠየቀው የተጨረሰ ሥራ ነው። እንደ ፊተኛው የሚመልሱት ግሦች ቀጣይ ጊዜያቸውን በቦዝ ይናገራሉ፤ እንደ ኋለኛው የሚመልሱት በ«እየ» ወይም በትንቢት ይናገራሉ። በዚህ ፈተና ስንመዝናቸው «ዎዝ ሲቲንግ» ተቀምጦ ነበር፥ «ዎዝ ስታንዲንግ» ቆሞ ነበር፥ «ዎዝ ስሊፒንግ» ተኝቶ ነበር፥ «ዎዝ ሆልዲንግ» ይዞ ነበር፥ «ዎዝ ሃይዲንግ» ተደብቆ ነበር ሆነው እናገኛቸዋለን። «እየተኛ ነበር» የተባለ ሰው ገና ጋቢውን የሚያስተካክል ነው፤ «እየተቀመጠ ነበር» የተባለውም ወንበሩን ገና አልነካም። ካባ መደረብ፥ ሽጉጥ መታጠቅ፥ ባርኔጣ መድፋት፥ ነጠላ መከናነብ ሁሉም ከዚህ ማኅበር ናቸው።

ሠ. አንድ መልክ፥ አራት ፍቺ

እስካሁን የተናገርነው «ዎዝ ዌሪንግ» በአንዲት ቅጽበት የታየ ሁኔታን ሲያመለክት ነው። ይህም አብዛኛው አገልግሎቱ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

አንደኛ፤ የቅጽበት ሁኔታ ሲሆን «ለብሶ ነበር» ነው።

ሁለተኛ፤ ለተወሰነ ወራት የቈየ ልማድ ሲሆን፥ ለምሳሌ አንዲት ሴት በዚያ ዓመት ዘወትር ጥቁር ታደርግ እንደ ነበረ ሲነገር፥ «በዚያ ዓመት ጥቁር ትለብስ ነበር» ይባላል። በየመገናኘቱ እየተደጋገመ መታየቱን ለማጕላት «ጥቁር እየለበሰች ትመጣ ነበር» ቢባልም ያምራል። እዚህ ላይ «እየ» የሚሠራው ድግግሞሽን እንጂ የአንዲት ቅጽበትን ቀጣይነት አይደለም።

ሦስተኛ፤ አስቀድሞ የታሰበ ነገር ሲሆን ነው። «ሺ ዎዝ ዌሪንግ ዘ ብሉ ድሬስ ቱ ዘ ዌዲንግ፥ በት ኢት ቶር» ቢባል ልብሱ ገና አልተለበሰም። ይህን «ለሠርጉ ሰማያዊውን ቀሚስ ልትለብስ ነበር፤ ነገር ግን ተቀደደ» ብለን እንተረጕመዋለን። «ለብሳ ነበር» ብንል ቀሚሱን በገላዋ ላይ እንቀድደዋለን።

አራተኛ፤ ሁለተኛው የትርጉም ቅርንጫፍ ሲሆን፥ ማለት መሳሳትና ማለቅ ሲሆን፥ «እየ» በሙሉ ሥልጣኑ ይመለሳል። የደረጃው ድንጋይ «እየተበላ ነበር»፥ የኮቱ ክርን «እየሳሳ ነበር»፥ የመምህሩ ትዕግሥት «እያለቀ ነበር» እንላለን። ማለቅ ቀስ በቀስ የሚሄድ ለውጥ ነውና።

ከዚህ የምንረዳው ይህን ነው። ደንቡ የሚሰጠው «እየለበሰ ነበር» የሚለው ፍቺ ከአራቱ በአንዱም ስፍራ ራሱን ችሎ ትክክለኛ ሆኖ አልተገኘም። «እየ» የተገኘው ወይ በሌላ ግሥ ላይ፥ ወይ «ትመጣ ነበር» ለሚል ማሰሪያ ተቀጥላ ሆኖ ነው። በየልምምዱ ደብተር ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ግን እርሱ ነው።

ረ. ሊቀርቡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ «ለብሶ ነበር» ራሱ አሻሚ ነው የሚል ይሆናል። እውነት ነው። «ይህን ካባ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ለብሶት ነበር» ሲባል የሚነገረው ቀድሞ የተፈጸመ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሃድ ዎርን» የሚባለው። ሆኖም አማርኛ ይህን አሻሚነት የሚፈታበት መንገድ አያጣም። አንደኛው የጊዜ መያዣ መስጠት ነው፤ «ባየሁት ጊዜ ካባ ለብሶ ነበር»። ሁለተኛው ቦዙን ከተከታዩ ማሰሪያ ጋራ ማጋባት ነው፤ «ካባ ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር»። ሦስተኛው ልብሱን ራሱን ወደ ፊት ማውጣት ነው፤ «የለበሰው ጥቁር ካባ ነበር»። በትረካ ጽሑፍ ሁለተኛው መንገድ ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን። እንግሊዝኛው ሁለት ዐረፍተ ነገር አድርጎ የሚቈራርጠውን አማርኛ በአንድ እስትንፋስ ይናገረዋልና።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከሊቃውንት በኩል የሚመጣ ነው። ዜኖ ቬንድለር በ1957 ባወጣው ስለ ግሥና ስለ ጊዜ በሚናገረው ጽሑፉ ግሦችን በአራት ክፍል፥ ማለት በሁኔታ፥ በድርጊት፥ በፍጻሜ ያለው ሥራና በቅጽበት ክንውን ለይቷል። በርናርድ ኮምሪም በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ የጊዜንና የአነዋወርን ልዩነት በብዙ ቋንቋዎች ምሳሌ አብራርቷል። እነዚህን የሚያነብ ተማሪ «መልበስ በዓለም ሁሉ አንድ ነገር ስለሆነ ክፍሉም አንድ ነው» ብሎ እንዳይሳሳት እንፈራለን። የሚከፈለው ነገሩ ሳይሆን ግሡ ነው። «ዌር» ሁኔታ ነው፤ «ለበሰ» ወደ ሁኔታ መግባት ነው፤ በሁለቱም የሚነገርለት ካባ ግን አንዱ ካባ ነው። የቬንድለር ክፍል መሠረቱ የእንግሊዝኛ ግሦች ጠባይ ስለሆነ በአማርኛ ላይ ሲውል እያንዳንዱ ግሥ እንደ ገና መፈተን አለበት።

ሦስተኛው «አማርኛ የቀጣይ ጊዜን የሚለይበት መልክ የለውም» የሚለው አባባል ነው። ይህ ከላይ ባየነው ሁሉ ይፈርሳል። እንግሊዝኛ በአንድ መልክ የሚጨፈልቃቸውን ነገሮች አማርኛ በ«ለብሶ ነበር»፥ በ«ይለብስ ነበር»፥ በ«ሊለብስ ነበር»፥ በ«እየለበሰ ነበር» ለይቶ ይናገራል። ብዙ በር ያለውን ቤት በር የለውም ማለት ተገቢ አይደለም።

ሰ. ጕዳቱ የት ላይ ነው?

«ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ ፊደል ነው» የሚል ሰው ቢኖር ሁለት ምሳሌ እናቅርብለት።

አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር ብንል ሐዘን ላይ እንደ ነበረች ማንም ያገራችን ሰው ይረዳል፤ መርዶው ከደረሳት ቈይቷል፤ አሁን የምናገኛት በሐዘኗ ውስጥ ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየለበሰች ነበር ብንል ግን መርዶው ገና አሁን ደረሰ ማለት ነው። በአንድ ልብ ወለድ ትርጉም ውስጥ ይህ ልዩነት የታሪኩን ቀን ያዛባል፤ ማን ምን መቼ እንዳወቀ ያፋልሳል።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7፥ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ አንድ የውጭ አገር ምስክር «ሂ ዎዝ ዌሪንግ ኤ ሬድ ሸርት» ብሎ ቢመሰክር፥ አስተርጓሚውም የተማረውን ደንብ ይዞ «ቀይ ሸሚዝ እየለበሰ ነበር» ቢል፥ ጠበቃው ወዲያው «በመንገድ መካከል ነውን ሸሚዝ የሚለብሰው? እስከዚያስ ምን ለብሶ ነበር?» ብሎ ይነሣል። ምስክሩ ያልተናገረውን ነገር ሲያስተባብል ቃሉ የተለዋወጠ ይመስላል፤ በቀይ ሸሚዝ ምልክትነት የሚቆም ማስረጃ በተርጓሚ ጥፋት ይወድቃል፤ ወይም ንጹሑን ሰው ነጻ የሚያወጣው ምልክት ይጠፋል። በተቃራኒውም አማርኛ ተናጋሪ ምስክር በአሜሪካ ችሎት ፊት «ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነበር» ሲል አስተርጓሚው «ሂ ሃድ ዎርን» ብሎ ቢያቀርበው፥ ሸሚዙ ወንጀሉ ሲፈጸም ሳይሆን ከዚያ በፊት የተለበሰ ይሆናል። ደንቡ በሁለቱም አቅጣጫ ይጐዳል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ለተማሪ የሚሰጠው ደንብ «ዎዝ ከኢንግ ጋራ ሲገኝ እየ ብለህ ጀምር» መባሉ ቀርቶ፥ «የአማርኛው ግሥ መግባትን ይናገራል ወይስ መሥራትን? ብለህ ጠይቅ» ቢባል ይሻላል። መግባትን የሚናገር ከሆነ ቦዝን፥ መሥራትን የሚናገር ከሆነ «እየ»ን ወይም ትንቢትን ይውሰድ። መግባትን ከሚናገሩት ግሦች በብዛት የሚያስፈልጉት ከሃያና ከሠላሳ የማይበልጡ ይመስለናል፤ በአንድ ገጽ ላይ ተዘርዝረው ከልምምድ ጋራ ቢሰጡ ከብዙ ገጽ የጊዜ ሠንጠረዥ ይልቅ ይጠቅማሉ። የሚበልጠው ግን ተማሪው ወደ እንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ከመሄዱ በፊት የራሱን ጆሮ እንዲጠይቅ ማልመድ ነው። «ምን ለብሶ ነበር?» ብሎ መጠየቅን ማንም አላስተማረውም፤ ከእናቱ የተቀበለው ነው። ሰዋስው ይህን ዕውቀት ሥርዓት እንዲያስይዘው እንጂ እንዲያስረሳው አልተሠራም።